ኪያንቲን በቢስክሌት፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ጣልያን፣ ፊረንዜ (ፍሎረንስ) ነው የምኖረው። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ኪያንቲ፣ ፊረንዜና ሲዬና መሀል ያለው ኮረብታማ አገር፣ የወይን እርሻው መሀል ነው ቢስክሌት የምንነዳው። ፎቶ ካሳየሁ ወዲህ ጥያቄው ስለበዛብኝ አንዴ እዚሁ ልጨርሰው።

ጥያቄ፦ ከየት ተነስታችሁ የት ትደርሳላችሁ?

ብዙ ጊዜ ከግሬቬ ነው የምንነሳው፣ ያቺ አደባባይዋ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ መሀሉ ላይ የመርከበኛው የቬራዛኖ ሐውልት የቆመባት ከተማ። ባር ገብተን ቆመን ቡና እንጠጣና ወደ ፓንዛኖ እንወጣለን፣ ከዛ ቁልቁል ወርደን እንደገና ወደ ካስቴሊና ዳገት፣ ከዛ ራዳ፣ ምሳ እዛ ነው፣ ሲመለሱ በፓንዛኖ በኩል አርጎ ግሬቬ። ዙሩ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 50 ስል የሚስቅ ሰው አለ፣ ችግሩ ግን ሜዳ የሚባል ነገር የለም፣ ወይ እየወጣህ ነው ወይ እየወረድክ ነው፣ ማታ ላይ ስትደምረው ከ800 እስከ 1000 ሜትር ወጥተሃል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፣ እንጦጦን በእግሬ እወጣለሁ፣ ይከብደኛል?

ትንፋሽህ አያስቸግርህም፣ እዚህ ከፍታው ከባህር ጠለል 600 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ አየሩ ሞልቷል። የሚያስቸግርህ መቀመጫህና ጉልበትህ ነው። ስፖንጅ ያለው የቢስክሌት ቁምጣ ግዛ፣ ከስሩ ፓንት አይለበስም (በየጊዜው ስለምጠየቅ ነው የምናገረው 😀)። ካምቢዮውን ደግሞ ዳገቱ ሳይጀምር ቀይር፣ መሀሉ ላይ ቆመህ ስትታገል ሰንሰለቱ ይወልቃል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪኩን ብከራይ ታፍሩብኛላችሁ?

ኧረ በፍጹም። እንደውም የቡድኑ አቅም ሲራራቅ የሚያስታርቀው እሱ ነው፣ ባልና ሚስት መጥተው አንዱ ዳገት ላይ አንዱን ጥሎ ሲሄድ የሚነሳውን ኩርፊያ አይቻለሁ። ኪራዩ ከተራው ይወደዳል፣ ከባድም ነው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ቀድመህ ያዝ።

ጥያቄ፦ በየቦታው ወይን እየጠጡ መንዳት ይቻላል እንዴ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። አይቻልም። ጣልያን ውስጥ ቢስክሌት በሕግ ተሽከርካሪ ነው፣ ደም ውስጥ ያለው አልኮል በሊትር 0.5 ግራም ካለፈ በቢስክሌትም ትቀጣለህ። ሕጉን ተወው፣ ከካስቴሊና የሚወርደውን ጠመዝማዛ ሁለት ብርጭቆ ጠጥተህ ውረደው እስኪ! እኛ ጋ ጠዋት ቡና፣ ቀን ውሃ፣ ወይን ማታ ቢስክሌቱ ከታሰረ በኋላ ነው። መሀል ላይ የወይን ጓዳ ከገባን እንቀምሳለን ግን እንተፋለን፣ ለዛ ተብሎ የሚቀርብ ዕቃ አለ፣ መትፋት ነውር አይደለም፣ ባለሙያዎቹም ራሳቸው ይተፋሉ። በየጓዳው የሚያስጠጣ የጉብኝት ፕሮግራም ካያችሁ ቫን ከኋላ እንደሚከተል ጠይቁ፣ ቫን ከሌለው እኔ አልሄድም።

ጥያቄ፦ መጠጥ አልጠጣም፣ ልምጣ ወይስ ይቅርብኝ?

ነይ እንጂ እህቴ። ከእኛም ውስጥ የማይቀምስ አለ። የወይራ ዘይት የሚያስቀምሱ እርሻዎች አሉ፣ አዲስ የተጨመቀው ጉሮሮ ላይ እንደ ሚጥሚጣ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ እሱ ነው ጥሩው።

ጥያቄ፦ ረቡዕና አርብ ከሆነ ምን እንበላለን?

ቶስካና፣ ኪያንቲ ያለበት ክልል፣ ለጿሚ ምቹ ነው። ፓፓ አል ፖሞዶሮ አለ፣ ቲማቲምና ዳቦ ተቀቅሎ የሚሠራ፣ ባቄላ በወይራ ዘይት አለ፣ ሪቦሊታ የሚሉት የጎመንና የባቄላ ሾርባም አለ፣ ብቻ አይብና ስጋ እንዳልገባበት ጠይቁ። ዳቦው ጨው የለውም፣ ረስተውት አይደለም፣ የቶስካና ዳቦ እንደዛው ነው። ሰዓት ጠብቁ፣ ከስምንት ተኩል በኋላ ብዙ ቦታ ኩሽናው ይዘጋል፣ በዘጠኝ ሰዓት ራዳ የደረሰ ቡድን ሳንድዊች ነው የሚበላው።

ጥያቄ፦ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጥቁር አውራ ዶሮ ምንድነው?

የኪያንቲ ክላሲኮ ምልክት ነው፣ ከወይኑ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ የሚባለው የወይን ዘር መሆን አለበት። አፈ ታሪኩ ደስ ይላል፦ ፊረንዜና ሲዬና በድንበር ሲጣሉ፣ ከሁለቱም ከተማ ዶሮ ሲጮህ ፈረሰኛ ይነሳ፣ የተገናኙበት ድንበር ይሁን ተባለ። ሲዬናዎች ነጭ ዶሮ መርጠው አጠገቡት፣ ፊረንዜዎች ጥቁሩን አስርበው ዘጉበት፣ ርሃብ የጠናበት ዶሮ ገና በጨለማ ጮኸ፣ ፈረሰኛቸው ሲዬና ደጃፍ ሊደርስ ጥቂት ቀረው። ተረቱ ተረት ነው፣ አካባቢውን በአዋጅ የከለለው ግን የቶስካና ገዢ የነበረው የሜዲቺው ኮዚሞ ሦስተኛ ነው፣ በ1716።

ጥያቄ፦ ነጩ አፈር መንገድ ያስፈራል ይባላል፣ እውነት ነው?

ስትራዴ ቢያንኬ ነው የሚባለው፣ ጠጠርና ነጭ አቧራ። ቀጭን ጎማ ያለው ሰው ይንሸራተታል፣ ሰፋ ያለ ጎማ አድርጉ፣ ኩርባ ላይ የፊት ፍሬን አትጭመቁ፣ በቃ። እነዚህን መንገዶች ከአስፋልት ለማዳን ብለው ነው በ1997 ጋዮሌ የምትባለው የኪያንቲ ከተማ ላይ ኤሮይካ የሚሉትን የቢስክሌት ጉዞ የጀመሩት፣ ከ1987 በፊት በተሠራ ቢስክሌት ነው የሚነዳው፣ ሹራቡ እንኳ የድሮ ነው። የፕሮፌሽናሎቹ ስትራዴ ቢያንኬ ውድድር ደግሞ ከ2007 ጀምሮ አለ፣ መጨረሻው ሲዬና ፒያሳ ዴል ካምፖ አደባባይ ነው።

ጥያቄ፦ ኤርትራዊውን ብስክሌተኛ ቢንያም ግርማይን ዓይኑን የመታው የጠርሙስ ቡሽ እዛ ሰፈር ነው?

አይደለም፣ ያ በ2022 ጂሮ ዲታልያ (የጣልያን ዙር ውድድር) ላይ ዬዚ የሚባል ከተማ ነው፣ ማርኬ ክልል፣ ቬርዲኪዮ የሚባለው ነጭ ወይን አገር። ሆላንዳዊውን ቫን ደር ፑልን ቀድሞ ከታላላቆቹ የዙር ውድድሮች በአንዱ የአንድ ቀን ምዕራፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ፣ መድረኩ ላይ ፕሮሴኮ ሲከፍት ቡሹ ዓይኑን መታውና ጂሮውን አቋረጠ። ያን ቀን እኛ ሐበሾቹ ደስታውንም ንዴቱንም ባንዴ ነው የቀመስነው።

ጥያቄ፦ በቡድን ስትነዱ ሕጋችሁ ምንድነው?

ከከተማ ውጪ በአንድ መስመር፣ ሕጉም እሱን ነው የሚለው፣ ጎን ለጎን ወሬ የለም። ከኋላ መኪና ሲመጣ የመጨረሻው ሰው ይጮሃል፣ ጉድጓድ ካለ የፊተኛው በእጁ ያሳያል። ዳገት ሁሉም በአቅሙ ይወጣና ጫፍ ላይ እንጠባበቃለን፣ ኩርባ ላይ ግን አይቆምም። ሄልሜት ለአዋቂ ግዴታ አይደለም፣ እኛ ጋ ግን ያለሱ አይነዳም።

ጥያቄ፦ መቼ ልምጣ? ባቡርስ?

ግንቦት ወይ መስከረም። በፈረንጆቹ ነሐሴ አትምጡ፣ ያቃጥላል። ወይን ለቀማ ጊዜ ከሆነ ትራክተሮቹ አስፋልቱ ላይ ጭቃ ይጥላሉ፣ ተጠንቀቁ፣ ከተክሉ ላይም ዘለላ አትቁረጡ፣ የሰው እንጀራ ነው። ግሬቬ ባቡር የለም፣ ወደ ሲዬና ግን በክልል ባቡር ቢስክሌት ይዞ መሄድ ይቻላል፣ የቢስክሌቱ ትኬት በቀን 3.50 ዩሮ ነው፣ የሚታጠፍ ከሆነ በነጻ።

ጥያቄ፦ ጠርሙስ ገዝቼ በቢስክሌት ልመለስ?

አንድ ከሆነ ቦርሳህ ውስጥ በሹራብ ጠቅልለው። ካርቶን ከሆነ ግን እዛው አስቀምጡልኝ በል፣ በማግስቱ በመኪና ውሰደው።