በምሽት የወደብ ፎቶ ላይ ጀልባዎች ለምን ይደበዝዛሉ?

ሰላም ወንድሜ። ካሜራህን በማቆሚያ ላይ አጽንተህ፣ በኤፍ 8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ በአይኤስኦ 100 (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ብርሃኑን ለ8 ሰከንድ አስገብተህ አንስተህ፣ የድንጋዩ መድረክ ጥርት ብሎ ሲወጣ ጀልባዎቹ ለምን እንደ ጥላ እንደደበዘዙ ጠይቀሃል።

ጥፋቱ የሌንስህ አይደለም። የታሰረ ጀልባ የቆመ ይመስላል እንጂ አይቆምም። ገመዱን ልብ ብለህ ተመልከተው፤ ይላላል፣ ይወጠራል፣ ከቃጫዎቹ መካከል ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። በዚያ 8 ሰከንድ ውስጥ የጀልባው ምሰሶ ጫፍ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ካሜራው ደግሞ ሁሉንም ይመዘግባል።

ኤፍ 2.8 የሚከፈት ሌንስ ካለህ አይኤስኦውን 3200 አድርገው፤ ያው ብርሃን 1/30 ሰከንድ ይበቃዋል። ፎቶው ትንሽ ይሻክር ይሆናል፤ እኔ ግን ከደበዘዘ ጀልባ ሻካራውን ፎቶ ሁልጊዜ እመርጣለሁ። ውሃውን እንደ ሐር ማለስለስ ካማረህ ረጅሙን ጊዜ ለባዶው መድረክ አቆየው።

ከሁሉም በላይ ቀደም ብለህ ድረስ! ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ የወደቡ መብራቶች ይበራሉ፤ ያኔ የሁለቱ ብርሃን ይቀራረባል። ሰማዩ ፈጽሞ ከጠቆረ መብራቶቹ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ጎንበስ ብለህ ወደ ውሃው ተጠጋ፤ ነጸብራቁ ረዝሞ እግርህ ሥር ይደርሳል።

ያነሳኸው ጨዋማ ባሕር አጠገብ ከሆነ ስትመለስ ካሜራውን በንጹህ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረገው። ሌንሱን ግን በደረቅ ጨርቅ አትፈትገው፤ የደረቀ ጨው ይጭረዋል።