ውሃ ላይ አልዘረጋ ያለው ኩቴክስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። በጥር የእህቴ ሠርግ ስላለ ለሚዜዎቹ እብነ በረድ የሚመስል የጥፍር ቀለም ራሴ ልሠራላቸው አስቤ፣ ውሃ ላይ ኩቴክስ ጠብ እያደረግሁ ሞከርኩ። ጠብታው ግን ወይ ይሰምጣል ወይ ባለበት ተኮማትሮ ይቀራል። ስሕተቴ ምን ይሆን?
ሰ.፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠረጥረው ቀለሙን ሳይሆን ውሃውን ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ በጥር ጠዋት ከቧንቧ የሚቀዳው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ኩቴክስ ደግሞ ናይትሮሴሉሎስ የተባለው ንጥረ ነገር እንደ ኤቲል አሲቴትና ቡቲል አሲቴት ባሉ በቶሎ በሚተኑ ፈሳሾች ሟምቶ የሚዘጋጅ ስለሆነ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያርፍ ወፍሮ ይቀራል እንጂ አይዘረጋም። ውሃውን ቤት ውስጥ ማሳደር ይመከራል፤ የደሴ ቤት ግን ራሱ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ፣ ጥቂት ሙቅ ውሃ ጨምረው ጣት ሲነከርበት ቅዝቃዜም ሙቀትም እስከማይሰማ ድረስ ያለዝቡት። ከዚያ በላይ ካሞቁት ስስ ሽፋኑ ንድፉን ሳይጨርሱ ይደርቅብዎታል። ለማሞቅ ብለው ከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳይሠሩ አደራ እንላለን፤ የኩቴክስም የአሴቶንም ትነት እሳት ይይዛል፤ ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ።

የመስመጡ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ጠብታው ከከፍታ መውደቁ ነው። ብሩሹን ውሃው ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርገው ያንጠባጥቡ። ከርሞ የወፈረ ኩቴክስም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጥፍሩን አስቀድመው ነጭ ቀለም ቀብተው በደንብ ያድርቁት፤ ውሃ ላይ የሚሠራው ሽፋን እጅግ ስስ በመሆኑ ያለ ነጭ መደብ ቀለሙ ደብዝዞ ይታያል። በጥፍሩ ዙሪያ ያለውን ቆዳ ቫዝሊን ይቀቡት፤ ቫዝሊኑ ጥፍሩን ራሱን ከነካ ግን ቀለሙ አይይዝም። ከዚያም ዳግመኛ ለሻይ በማይፈልጉት ብርጭቆ ውሃ ሞልተው የመጀመሪያውን ቀለም ጠብ ያድርጉ፤ ሲዘረጋ ሁለተኛውን መሐሉ ላይ፣ ሦስተኛውንም በዚያ መሐል እያስከተሉ፣ የሞሰብ ክዳን ስፌት እንደሚመስል ክብ በክብ ይደራርቡት። ሦስት ቀለም ይበቃል ባዮች ነን፤ ከዚያ ሲበዛ ጭቃ ይመስላል። በስቴኪኒ ሲስሉ የውጭኛውን ክብ አይንኩ፤ እሱ ቀድሞ ስለሚደርቅ ሽፋኑን በሙሉ ይጎትተዋል። ከሁለተኛው ክብ ወደ መሐል ይሳቡ፣ በእያንዳንዱ መስመር መሐልም ጫፉን ይጥረጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ጣቱን ሲያወጣ ነው። ጥፍሩን ወደ ንድፉ አዙረው ጠፍጣፋ አድርገው ያጥልቁት፤ ጣቱ ከውሃው ሥር እንዳለ፣ ላዩ ላይ የቀረውን ሽፋን የወተት ስልባቦት እንደሚገፈፍ በስቴኪኒ ጠቅልለው ያንሡትና ከዚያ በኋላ ብቻ ያውጡ። ይህ ካልሆነ ሲወጣ ትርፉ ተመልሶ ይለጠፍበታል። ውሃውን አራግፈው ያድርቁት እንጂ አይጥረጉት፤ ሲደርቅ ግልጽ ማጠናቀቂያ ይቅቡት። ለእያንዳንዱ ጣት አዲስ ጠብታ ስለሚያስፈልግ፣ የሚዜዎቹን ቁጥር በአሥር አባዝተው ጊዜዎን ይመድቡ።

ጥያቄ፦ ይህን ንድፍ እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ስለምሰግድ ለውዱእ ኩቴክሱን ማስለቀቅ አለብኝ። በየሰላቱ አሴቶን መጠቀም ደግሞ ጥፍሬን አደረቀው። ምን ይሻለኛል?
አንዲት አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እንሶስላ ጥፍሩን አቅልሞ ስለሚቀር እንጂ ሽፋን ስለማይሠራ፣ ኩቴክስ የሚያመጣው ችግር በእሱ አይመጣም፤ የእብነ በረዱን ንድፍ ግን ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ ንድፉን በራስዎ ጥፍር ላይ ሳይሆን ተለጣፊ ሰው ሠራሽ ጥፍር ላይ ቢሠሩት ይሻላል። እያንዳንዱን ከስቴኪኒ ጫፍ ጋር በፕላስተር አያይዘው ውሃው ውስጥ ማጥለቅ ከጣት ይልቅ ይቀላል፤ ለቆዳዎም ቫዝሊን አያስፈልግም። ሲለጥፉም በሙጫ ሳይሆን ሁለት ገጽ በሚያጣብቀው ስስ ፕላስተር ያድርጉት፤ ሙጫው በቀላሉ የማይለቅ ከመሆኑም በላይ ሲነሣ የጥፍሩን ገጽ ይልጣል። ከሰላት በፊት ሲያነሡት ቶሎ እንዲለቅ ጣትዎን ለብ ባለ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ነክረው፣ ከጎን በኩል ቀስ ብለው ይጀምሩ።