ጥያቄና መልስ፦ የሠራሁት ብሩሽ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ለምን አይሠራም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ክሪታ በሚባለው የኮምፒውተር መሣያ ፕሮግራም 24 የጥበብ ጥለትና የሐረግ ብሩሾች ሠርቼ በነጻ ላካፍላቸው ብዬ ፎልደሩን ዚፕ አድርጌ በቴሌግራም ላክሁ። ግማሹ ሰው «የብሩሹ ስም ይታያል፣ የጥለቱ ቅርጽ ግን አይወጣም» ይለኛል። ሌላው ፋይሎቹን የት እንደሚያስገባቸው ግራ ገብቶታል። ጥፋቱ የት ላይ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ክሪታ ላይ ብሩሽ ብለን የምንጠራው ነገር ቢያንስ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የቅርጹ ፋይል ነው፤ ጥለቱ የተሣለበት ጂቢአር ወይም ፒኤንጂ ማለት ነው። ሌላው ፕሪሴቱ ነው። ይኼኛው ኬፒፒ በሚል ቅጥያ የሚያልቅ ሆኖ መጠኑን፣ ርቀቱን (ቅርጹ እየተደጋገመ ሲታተም በመሀል ያለውን ክፍተት)፣ የእስክሪብቶውን ግፊትና የመሳሰለውን ይይዛል። ፕሪሴቱ የትኛውን ቅርጽ እንደሚጠቀም ይጠቅሳል እንጂ ቅርጹን ሁልጊዜ ይዞት ይሄዳል ብሎ መተማመን አይቻልም። እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱም ስላሉ ምንም ጉድለት አይታይዎትም። የተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ግን ፕሪሴቱ ቅርጹን ፈልጎ ያጣዋል።

መፍትሔው ዚፕ ሳይሆን ክሪታ ራሱ የሚሠራው ባንድል፣ ማለትም ፕሪሴቱንና ቅርጹን በአንድ ፋይል የሚያሽገው ጥቅል ነው። መጀመሪያ ለ24ቱም ብሩሾች አንድ የጋራ ታግ (መለያ ስም) ይስጧቸው፤ ተቀባዩ ከመቶ ብሩሽ መሀል የእርስዎን የሚያገኘው በታጉ ነው። ቀጥሎ ከ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ማኔጅ ሪሶርስ ላይብረሪስ»ን ከፍተው «ክሪኤት ባንድል»ን ይጫኑ። ፕሪሴቶቹን ብቻ መርጠው አይለፉ፤ የብሩሽ ቅርጾቹን፣ ቴክስቸር ተጠቅመው ከሆነም ፓተርኖቹን፣ እንዲሁም ታጉን አንድ በአንድ ይጨምሩ። የስም፣ የሠሪ፣ የፈቃድና የመግለጫ ቦታዎቹን ባዶ አይተዉ። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቴሌግራም ላይ የጻፉት ማብራሪያ ይቀራል፤ ባንድሉ ውስጥ የጻፉት ግን አብሮ ይጓዛል።

ተቀባዩ የትኛውንም ፎልደር መፈለግ አያስፈልገውም። ያንኑ «ማኔጅ ሪሶርስ ላይብረሪስ» ከፍቶ «ኢምፖርት» ብሎ ፋይሉን ይመርጣል፣ በቃ። ካልወደደው ደግሞ ከዚያው ዝርዝር ላይ «ዲአክቲቬት» ብሎ ያሰናክለዋል፤ የራሱ ብሩሾች አይነኩም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የባንድል ፋይል በውስጡ ዚፕ ነው፤ ስለዚህ ከፍቶ አንድ ቅርጽ ለመቀየር ያምራል። አይሞክሩት። ውስጡ ያለው የይዘት ዝርዝር ለእያንዳንዱ ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር መዝግቧል፤ በእጅ የገባው ፋይል ከቁጥሩ ጋር አይገጥምም። ማሻሻያ ካለዎት ክሪታ ላይ አስተካክለው ባንድሉን እንደ አዲስ ያውጡ፣ ስሙ ላይም 1፣ 2 እያሉ ቁጥር ይጨምሩ። በተመሳሳይ ስም ከላኩት የትኛው አሮጌ የትኛው አዲስ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ክሪታ 5.0 በ2021 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሲወጣ የሪሶርስ አያያዙ ከሥሩ ተቀይሯል፤ ስለዚህ በየትኛው የክሪታ ቁጥር እንደሠሩት መግለጫው ላይ ይጻፉ።

ከመላክዎ በፊት የሚሞክሩበት መንገድ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ግን ይህንን ነው። ዊንዶውስ ላይ አዲስ የተጠቃሚ አካውንት ይክፈቱ። ክሪታ ብሩሾችን የሚያስቀምጠው ለየተጠቃሚው ለየብቻ ስለሆነ በአዲሱ አካውንት ሲከፍቱት ገና እንደተጫነ ሆኖ ይቀርባል። ባንድሉን እዚያ ያስገቡና 24ቱንም አንድ በአንድ ይሞክሩ። 3ቱን ሞክሮ ቀሪውን ማመን አይበቃም፤ ቅርጹ የጎደለው ብሩሽ ከቀሩት 21 አንዱ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጥለት ብሩሽ ካነሳን አይቀር፦ የጥበብ ጥለት ሲሠመር እርስ በርሱ የሚደራረበው ወይም ክፍተት የሚተወው በርቀቱ ቅንብር የተነሳ ነው። ቅርጹን ካሬ ላይ ይሣሉት፣ ለምሳሌ 500 በ500 ፒክስል፤ ጥለቱ የግራና የቀኝ ጠርዙን ይንካ። አውቶማቲኩን ርቀት አጥፍተው 1.0 ያድርጉት፤ ያኔ አንዱ ካለቀበት ሌላው ይጀምራል። ጥለቱ የእጅዎን አቅጣጫ ተከትሎ እንዲዞር ከፈለጉ «ሮቴሽን» ላይ «ድሮዊንግ አንግል» የሚለውን ይምረጡ። ያለዚያ የነጠላውን ጠርዝ ወደ ታች ሲስሉ ጥለቱ ጎኑን ይሰጥዎታል።

ጥያቄ፦ ፋይሎቹን «ጥለት»፣ «መስቀል»፣ «ሐረግ» እያልኩ በአማርኛ ሰይሜ ዚፕ አድርጌ ነበር። አንዳንድ ሰው ጋ ስሙ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይከፈታል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዚፕ ውስጥ ያለ ስም በዩኒኮድ (የሁሉም ቋንቋ ፊደላት የጋራ ኮድ) መጻፉን የሚናገር አንድ ምልክት አለ። አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ምልክቱን አይጽፉትም፣ አንዳንዶቹም አያነቡትም፤ ፊደሉ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ከቁጥር ጋር ያድርጉት። አማርኛውን ደግሞ ለታጉ፣ ለመግለጫውና አብሮ ለሚሄደው የጽሑፍ ፋይል ያቆዩት። ያንን ጽሑፍ በኖትፓድ ሲጽፉ «ዩቲኤፍ 8» ተብሎ መቀመጡን ይዩ። በዎርድ አይላኩት፤ ስልክ ላይ ለመክፈት ሌላ ፕሮግራም ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ እኔ የምጠቀመው ጊምፕ የሚባለውን ሌላ የምስል ፕሮግራም ነው። ጓደኛዬ የላከልኝን የክሪታ ባንድል አይከፍትልኝም። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይከፍትም። ኬፒፒ የክሪታ ብቻ ነው። ሁለቱም የሚያነቡት የቅርጹን ፋይል፣ ማለትም ጂቢአሩን ነው፤ ጓደኛዎ ቅርጾቹን ለብቻ ይላኩልዎ። ፒኤንጂ ከላኩ ጊምፕ እንደ ብሩሽ አይቆጥረውም፤ ወደ ጂቢአር መለወጥ አለበት። ምስሉን ከፍተው ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ቅርጽ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ወደ «ግሬስኬል» ይቀይሩት፣ ከዚያ ስሙን በጂቢአር ቅጥያ ጨርሰው «ኤክስፖርት» ያድርጉት። ባለ ቀለም እንዳለ ካወጡት ብሩሹ የራሱን ቀለም ብቻ ይቀባል፤ እርስዎ የመረጡትን ቀለም አይቀበልም። መጠኑም ይለያያል። ጂቢአር ስለማይታመቅ 500 በ500 የሆነ ግራጫ ቅርጽ 250 ሺህ ባይት ያህል ነው፤ እንዲህ ያሉ 24 ቅርጾች 6 ሜጋባይት ይሆናሉ። ባለ ቀለሙ አራት እጥፍ ነው። ለጊምፕ ሰዎች የሚልክ ሰው በዚፕ ይላከው፤ ጥቁርና ነጭ ቅርጽ እጅግ ስለሚታመቅ የተቀባዩን ዳታ ይቆጥባል።

የሚገባበትን ፎልደር «ኤዲት»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ፎልደርስ»፣ «ብሩሽስ» ብለው ሲሄዱ ያገኙታል። ፎልደሩ እንደ ጊምፕ ቁጥሩ ይለያያል፤ የ2.10 እና የ3.0 አንድ አይደለም። ፋይሎቹን እዚያው በንዑስ ፎልደር ቢያስቀምጧቸው የፎልደሩ ስም ታግ ይሆንልዎታል። ከዚያ የብሩሽ ዝርዝሩ ሥር ያለውን የማደሻ ምልክት መጫን ይበቃል፤ ፕሮግራሙን መዝጋት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ፒኤንጂ ለሰው በቴሌግራም ስልከው ቅርጹ ዙሪያ ነጭ ሳጥን ይመጣል። (ከዱባይ)

መልስ፦ እንደ ፎቶ ስለላኩት ነው። ቴሌግራም ፎቶን ወደ ጄፔግ ቀይሮ ያሳንሰዋል፤ ጄፔግ ደግሞ ግልጽነት አይይዝም። «ፋይል» በሚለው መንገድ ይላኩት፣ ሳይነካ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ሐረጎቹን የገለበጥሁት ከብራና መጽሐፍ ፎቶ ላይ ነው። በነጻ መስጠት እችላለሁ? (ከጎንደር)

መልስ፦ የጥንቱ ሐረግ የዘመናት ቅርስ ነው፤ ፎቶው ግን ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ፎቶውን ቆርጠው ብሩሽ አያድርጉት። የሐረጉን አጠላለፍ ተመልክተው በካሬ መስመር ላይ በእጅዎ ይሣሉት፤ መስመሩም ከፎቶው ይልቅ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሰው ያለ ምንም ግዴታ እንዲጠቀምበት ከፈለጉ ፈቃዱ ላይ «ሲሲ ዜሮ» (ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሚባሉት ክፍት ፈቃዶች አንዱ) ብለው ይጻፉ። ስምዎ እንዲጠቀስ ከፈለጉ «ሲሲ ባይ 4.0» ይበሉ። «ነጻ ነው» ብቻ ከጻፉ ግን በብሩሹ የሠራውን አትሞ የሚሸጥ ሰው መፈቀድ አለመፈቀዱን ማወቅ አይችልም፤ ጠንቃቃው ሰውም ብሩሽዎን ሳይጠቀምበት ይተወዋል።