ክሮሞሶም «ይፈጠራል» ወይስ «ይታያል»?

ጥያቄ፦ በገላን አካባቢ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሽንኩርት ሥር ጫፍ ቆርጠው፣ በቀለም ነክረው፣ በስስ መስተዋት መካከል ጨፍልቀው በማይክሮስኮፕ ካዩ በኋላ «ሴሉ ሊከፈል ሲል ክሮሞሶም ይፈጠራል» ብለው ጻፉ። እኔ «ይታያል» ብዬ አረምኩ። አንድ የአማርኛ መምህር ግን «ያው ነው፤ ዛሬ ያልተፈጠረ ምን አለ?» አሉኝ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። የባልደረባዎ አነጋገር ግን እውነት አለው፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ችግር ይፈጠራል፣ መጨናነቅ ይፈጠራል፣ ግንዛቤ ይፈጠራል። ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ላይ መኪና ቢገለበጥ «አደጋ ተፈጠረ» ይባላል። ድሮ አደጋ ይደርስ ነበር።

ግሱ ከግእዝ የወረስነው ነው፤ ያልነበረውን ማስገኘት ነው። ዘመዶቹ ግን ሌላ ወሬ አላቸው። በዐረብኛ ይኸው ሥር ከመፍጠር ሌላ መሰንጠቅ ማለትም ነው። በዕብራይስጥ ደግሞ መክፈት ነው፤ በዘፀአት 13 «ማኅፀን የሚከፍት» የተባለው በኵር የሚጠራው በዚሁ ሥር ነው። ይህን ይዘው «እንግዲያው ሴል ሲሰነጠቅ ተፈጠረ ቢባል ምን ነውር አለው?» የሚሉ አይጠፉም። ብልጠቱን አደንቃለሁ፤ ክርክሩን አልቀበልም። አማርኛ ተናጋሪ «ፈጠረ» ሲል መሰንጠቅ በሐሳቡ አይመጣም፤ የአጎት ልጅ የተናገረው ለወንድም ምስክር አይሆንም።

ነገሩንም እንይ። ሴሉ ከመከፈሉ በፊት ክሮሞሶሞቹ፣ ማለትም የዘር መረጃ የያዘው የዲኤንኤ ክሮች፣ በሴሉ እምብርት በኑክሊየሱ ውስጥ አሉ። ቀጥነውና ተዘርግተው ስለሚቆዩ ብቻ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ጫፍና ጫፉ ተያይዞ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። ክፍፍሉ ሲጀመር ይኸው ክር በፕሮቲኖች እየታገዘ ይጠቀለላል፣ ያጥራል፣ ይወፍራል፤ በክፍፍሉ አጋማሽ፣ በሜታፌዝ፣ ከሁሉ ይበልጥ ይጠብቃል። የተማሪዎችዎ ሽንኩርት 16 ክሮሞሶሞች የሚቆጠሩት ያን ጊዜ ነው፤ በጤፍ ቢሆን 40 ይሆኑ ነበር። ክፍፍሉ ሲያልቅ መልሰው ይላላሉ፣ ከዓይን ይሰወራሉ። «ተፈጠረ» ያለ ተማሪ እዚህ ላይ «ጠፋ» ማለቱ አይቀርም፤ ስሕተቱ ሁለት የሚሆነው በዚህ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። በእርግጥ አዲስ ነገር የሚሠራበት ጊዜ ቀደም ብሎ ነው፤ ዲኤንኤው የሚባዛው ክፍፍሉ ሳይጀመር፣ ምንም በማይለይበት ሰዓት ነው። በክፍፍሉ መጀመሪያ፣ በፕሮፌዝ፣ ብቅ የሚለው እያንዳንዱ ክሮሞሶም ሴንትሮሜር በሚባል መጋጠሚያ የተያያዙ ሁለት እኅትማማች ክሮማቲዶችን፣ ማለትም ተመሳሳይ ቅጂዎችን፣ ይዞ የሚመጣው ስለዚህ ነው። ሲፈጠር አይታይም፤ ሲታይ አይፈጠርም። ስሙም ቢሆን ከመታየት የመጣ ነው፦ ጀርመናዊው ዋልዳየር በ1888 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከግሪክ «ቀለም» እና «አካል» አጋጥሞ ያወጣለት፣ ማቅለሚያ አጥብቆ ስለሚይዝ ነው።

ለእኔ ምርጫ ቢተውልኝ «ይጠቀለላል» በሚለው ፋንታ «ይከራል» እል ነበር። ክር ከከረረ ይጠብቃል፣ ያጥራል፤ ቃሉም ከክር ጋር አንድ ቤት ነው። «የከረረ ይበጠሳል» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ አይበጠስም፣ ባለሙያ ፈታይ ትጠየቅ። ሆኖም መማሪያ መጻሕፍቱ በ«ይጠቀለላል» ጸንተዋል፤ ብቻዬን የምገትረው ገመድ አይደለም።

«የሥራ ዕድል ፈጠራ» በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ተለጥፎ ሳለ ግሱን ለፈጣሪ ብቻ መልሱ ማለትም አይሆንልኝም። መንገድ ላይ አደጋው ይፈጠር፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል። በባዮሎጂ ፈተና ግን «ይፈጠራል» የሚለውን ነጥብ ይቀንሱበት፤ «ይታያል»ን ሙሉ ይስጡ። «ይከራል» ብሎ የጻፈ ካገኙ ደግሞ ትንሽ ይጨምሩለት።