ከጅማ ሆኖ ስለ ሻንጋይ መጻፍ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ማታ ማታ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ታሪኩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሻንጋይ ውስጥ የሚሆን ነው። ሜይ የምትባል ቻይናዊት ልጅና ከቪየና የተሰደደ ዮሴፍ የሚባል አይሁዳዊ ወጣት ጎረቤት ይሆናሉ። የመጀመሪያውን ምዕራፍና የቀሪውን ዕቅድ አብሬ ልኬልዎታለሁ። ጓደኞቼ ግን «ጅማን እንኳ ሳትጽፊ ሻንጋይ ምን አገባሽ?» ይሉኛል። እውነት አያገባኝም? ደግሞስ ሁለቱ በምን ቋንቋ ይነጋገሩ?

መልስ፦ ልጄ፣ በደንብ ያገባሻል።

ዮሴፍ ከቪየና የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ ነው ብለሻል። ያኔ ጅማም በጣሊያን እጅ ነበረች። ብዙ ስደተኛ ወደ ሻንጋይ ያደረሱት ደግሞ ከትሪየስቴና ከጄኖቫ የሚነሱ የጣሊያን መርከቦች ናቸው። ስዊዝን አልፈው በቀይ ባሕር ይወርዳሉ። ከሦስት ዓመት በፊት የሙሶሊኒ ጦር ወደ ምጽዋ የተጋዘው በዚያው ውሃ ላይ ነው። ዮሴፍ መርከቡ ላይ ቆሞ በስተቀኝ ቢያይ፣ ምጽዋ በዚያ በኩል ናት። ይህን ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ምዕራፉ ልምጣ። የዮሴፍ ክፍል ጥሩ ነው። ከአገሩ ሲወጣ ይዞ እንዲሄድ የተፈቀደለት አሥር ማርክ ብቻ መሆኑን በትክክል አስቀምጠሻል። እናቱ የብር ማንኪያዎቹን ስትቆጥር ያለው ገጽ ላይ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት።

የሜይ ቤተሰቦች ግን አሳዘኑኝ። በር ከፍተው፣ ሻይ ይዘው፣ ፈገግ ብለው ይቆማሉ። ከዚያ የሉም። ለእንግዳ ደግ መሆን ብቻ ነው ሥራቸው። እኛን ኢትዮጵያውያንን አንድ ፈረንጅ እንዲህ አድርጎ ቢጽፈን ደስ ይለናል? እኔን አይለኝም።

እስቲ ይህን አስቢ። ዮሴፍ የገባበት የሆንግኮው ሰፈር ኪራዩ ለምን ርካሽ ሆነ? እ.ኤ.አ. ከነሐሴ እስከ ኅዳር 1937 ጃፓንና ቻይና ሻንጋይ ላይ ተዋግተው ሆንግኮው ተቃጥሎ፣ ተደብድቦ ነው። በነሐሴ ወር ሕዝቡ ልጁንና ድስቱን ተሸክሞ፣ ድልድዩን ተሻግሮ የውጭ ዜጎች ወደሚያስተዳድሩት የከተማው ክፍል ጎረፈ። ሜይ ያኔ የት ነበረች? ማንን ይዛ ተሻገረች? ማን ቀረባት? ዮሴፍ ሳይደርስ ከአንድ ዓመት በፊት እሷ በገዛ ከተማዋ ስደተኛ ሆናለች። ወደ ፈረሰ ቤቷ ስትመለስ ነው አንድ ኮትና ክራቫት ያደረገ ነጭ ልጅ በላይኛው ክፍል ተከራይቶ ያገኘችው። መጀመሪያ የሚሰማት ደስታ ነው? እኔ ንዴት ይመስለኛል። ጓደኝነቱ ከዚያ ቢጀምር አንባቢሽ ያምንሻል።

ሁለተኛ፣ የሽቦ አጥሩን አውጪው። ሆንግኮው ዙሪያ አጥር አልነበረም። የጃፓን ጦር እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 1943 ባወጣው አዋጅ፣ ከ1937 ወዲህ የመጡ «አገር አልባ ስደተኞች» እስከ ግንቦት 18 ድረስ ወደ አንድ ጠባብ ክልል እንዲገቡ አዘዘ። አይሁድ የሚል ቃል አዋጁ ውስጥ የለም። ከ15 ሺህ በላይ ስደተኛ እዚያ ታጨቀ፤ በዚያው ስፍራ ደግሞ ወደ አንድ መቶ ሺህ የሚጠጋ ቻይናዊ ይኖር ነበር። (አዋጁ የወጣበት ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 11፣ 1935 ነው፤ የየካቲት 12 እልቂት ስድስተኛ ዓመት ዋዜማ። ያምርሻል፤ አውቃለሁ። ግን ዮሴፍም ሜይም ስለማያውቁት ልብ ወለዱ ውስጥ አታስገቢው።)

አጥር ባይኖርም መውጫ ይለፍ ያስፈልግ ነበር። ይለፉን የሚሰጠው ጎያ የሚባል ጃፓናዊ ሹም ነው። ራሱን «የአይሁዶች ንጉሥ» ብሎ ይጠራ ነበር። ሰው ረጅም ወረፋ ጠብቆ ፊቱ ሲቀርብ፣ ደስ ካለው ይፈርማል፤ ካላለው ይጮኻል፣ በጥፊ ይመታል። የተፈቀደለት ሰው ደረቱ ላይ ትንሽ ምልክት ያደርጋል። በክልሉ ዳር የሚጠብቁትም ከስደተኞቹ መካከል ተመልምለው ነው። ያንቺ ዮሴፍ ተራ ደርሶት የገዛ ጎረቤቱን «ይለፍህን አሳይ» የሚልበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ከሽቦ አጥር ይልቅ ይህ ይበልጥ ያማል።

ሜይን ያ አዋጅ አይመለከታትም። ወጥታ መግባት ትችላለች። ግን ድልድዩ ላይ ለቆመው የጃፓን ዘብ አጎንብሳ እጅ ካልነሳች አታልፍም። ዮሴፍ ይለፍ የለውም፤ እሷ ክብሯን ትታ ነው የምታልፈው። መድኃኒት የሚገዛው ማዶ ከሆነ ማን ይሂድ? ልብ ወለድሽ እዚህ ጥያቄ ላይ አለ።

ስሜቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ የለብሽም። እናቴ ልጅነቷን ያሳለፈችው በጣሊያን ጊዜ ጅማ ውስጥ ነው። ስለዚያ ዘመን ስጠይቃት ስለ ጦርነት አታወራም ነበር። የምታወራው ስለ አንድ የጓሮ መንገድ ነው። ሹማምንቱ በሚያልፉበት ዋና መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው እጁን ዘርግቶ ሰላምታ መስጠት ነበረበት። አያቴ ይህን ላለማድረግ ልጆቿን በጭቃው፣ በአዌቱ ወንዝ ዳር አዙራ ትወስዳቸው ነበር። ሰፈርሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚያስታውሱ አዛውንት ካሉ ዛሬውኑ ሂጂና ጠይቂ። የሜይን ማጎንበስ ስትጽፊ ይጠቅምሻል። ግን አዌቱን ወስደሽ ሻንጋይ ላይ አታፍስሺው፤ የሻንጋዩን ዝርዝር ከሻንጋይ ነው መፈለግ።

ለምሳሌ ውሃ። ቤት ውስጥ ውሃ ማፍላት ከባድ ነበር፤ ከሰል ውድ ነው፣ ያልፈላ ውሃ ደግሞ በሽታ ነው። ስለዚህ በየመንደሩ ጥግ ትልልቅ ምድጃ ያላቸው የፈላ ውሃ ሱቆች ነበሩ። ሰው ማንቆርቆሪያውን ወይም ፔርሙዙን ይዞ ይሰለፋል፣ ሳንቲም ከፍሎ ያስቀዳል። ሁለቱን እዚያ አገናኚያቸው። ክረምት ይሁን። እንፋሎቱ መነጽሩን ይሸፍንበት። ወረፋውን ሳያውቅ ይግባ፣ ሰው ይቆጣው፣ እሷ ክርኑን ይዛ ወደ ኋላ ትመልሰው። ሻዩና ፈገግታው ይቅር።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ሻንጋይ የወደብ ከተማ ስለሆነች ገበያው የሚግባባበት የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበራት። ከስደተኞቹ ትልልቆቹ ቻይንኛ የለመዱት ጥቂቶች ናቸው፤ ልጆቹ ግን ከመንገድ ለቀም ለቀም አድርገዋል። ዮሴፍ በአማርኛሽ ውስጥ «እኔ መሄድ አንተ ቤት» እያለ እንዲኮላተፍ አታድርጊው፤ ሞኝ ያስመስለዋል። ገበያ ወርደሽ አንድ የዳውሮ ማር ሻጭና አንዲት የከተማ ገዢ ሲከራከሩ ስሚ። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ፣ የቀረው ጣትና ዓይን ነው። ዋጋው ላይ ግን ማንም አይሳሳትም! ሜይና ዮሴፍም አጭር አጭር ይናገሩ፤ የጎደለውን እጃቸው ይሙላው።

ስለ መጨረሻው ምዕራፍ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሆንግኮውን መደብደባቸው እውነት ነው። በዕቅድሽ ውስጥ የሞቱት አይሁዶች ብቻ ናቸው። በዚያ ቀን ወደ አርባ የሚጠጉ ስደተኞች ሲሞቱ፣ የሞቱት ቻይናውያን በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ስደተኛ ሐኪሞች ያገኙትን ጨርቅ ሁሉ ቀደው የቻይናውያኑንም ቁስል አስረዋል። ከዮሴፍ እናት ጋር የሜይ ሰዎችም ስም ይኑራቸው፤ አስለቅሺን። ሁለተኛውን ምዕራፍ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ከጅማ ቦሳ ቂጦ። ቪየና የነበረ የቻይና ቆንስል ለአይሁዶች ቪዛ ይሰጥ እንደነበር ሰማሁ። ሻንጋይ ለመግባት ግን ቪዛ አይጠየቅም ነበር ይባላል። ታዲያ ቪዛው ምን ሊሠራ?

መልስ፦ ጥያቄህ ትክክል ነው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። እ.ኤ.አ. እስከ 1939 አጋማሽ ድረስ ሻንጋይ ወደብ ላይ የሚጠይቅ አልነበረም። ችግሩ የነበረው መውጫው ላይ ነው። ናዚዎች አይሁዱን «ውጣ» ይሉታል፤ የሚሄድበትን አገር ማስረጃ ካላሳየ ግን አይለቁትም። ዳሃው ማጎሪያ የታሰረ ሰው እንኳ ቪዛ ሲመጣለት የሚፈታበት ጊዜ ነበር።

ቆንስሉ ሆ ፌንግ ሻን ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1940 ቪየና ሳለ በሺዎች የሚቆጠር ቪዛ ፈርሟል። በርሊን ያለው አለቃው እንዲያቆም ቢያዘውም ቀጠለ። የቆንስላው ሕንፃ የአይሁድ ንብረት ነው ተብሎ ሲወረስ፣ በገዛ ገንዘቡ ጠበብ ያለ ቤት ተከራይቶ ሥራውን አላቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1997 አረፈ፤ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2000 በክብር መዝገቧ አስገባችው። ቪዛውን ካገኙት ብዙዎቹ ከኦስትሪያ ከወጡ በኋላ መንገዳቸውን ወደ ሌላ አገር ስላደረጉ፣ የቪዛውን ቁጥር ሻንጋይ ከደረሱት ጋር አንድ አድርገህ እንዳትቆጥረው።