ጂሙ ያማረ ኮሌጅ ልጄን ያስተምርልኛል?

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የፋይናንሻል ኤይድ (የተማሪዎች የክፍያ ድጋፍ) ቢሮ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ኮሌጆች ገንዘባቸውን ግቢ ለማሳመር ያውሉት ወይስ ለተማሪ ድጋፍ? በዚህ ላይ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄን ይዤ ኮሌጅ ልናይ ሄድን። መዋኛው፣ ጂሙ፣ ሆቴል የመሰለው ዶርም ልብ ይሰርቃል። ስለ ክፍያ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ይሄ ሁሉ በማን ብር ነው የሚሠራው?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ጊዜ በተማሪው ብር ነው። ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በስሙ ፊደላት ቅርጽ የተሠራ ሰው ሠራሽ ወንዝ አለው። ተማሪ ጎማ ላይ ጋደም ብሎ ይንሳፈፍበታል። በ2017 ሲከፈት 85 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀው የስፖርት ማዕከል እድሳት አካል ነበር፤ ወጪውም ከተማሪዎች በሚሰበሰብ ክፍያ ነው የሚሸፈነው። እንዲህ ያለውን ክፍያ፣ ማታ ፓርኪንግ ሲሠራ አድሮ ጠዋት ክፍል የሚገባው ልጅም ይከፍላል። እግሩን እንኳ ሳያስነካው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ይሠሩታል?

መልስ፦ ስለሚያዋጣቸው። በ2013 የወጣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ሀብታም ቤተሰብ ያላቸው ተማሪዎች በምቾት ይበልጥ እንደሚሳቡ፣ ጎበዞቹ ደግሞ የትምህርቱን ጥራት እንደሚያዩ አሳይቷል። ሙሉ ከፋይ የሚፈልግ ኮሌጅ መዋኛ ይቆፍራል።

ጥያቄ፦ በሕንጻ ምክንያት የተጎዳ ኮሌጅ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ሁሌም ያንገበግበኛል። ኒውዮርክ ያለው ኩፐር ዩኒየን በ1859 ተመሠረተ። ከመቶ ዓመት በላይ የገባ ሁሉ የትምህርት ክፍያ ሳይጠየቅ ይማር ነበር። በ2006 ኮሌጁ 175 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ። መያዣው ክራይስለር ከሚባለው የከተማዋ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ሥር ያለው የራሱ መሬት ነበር። በ2009 የሚያብረቀርቅ አዲስ ሕንጻ ተከፈተ። በ2014 የገቡት ተማሪዎች ግማሹን ክፍያ ክፈሉ ተባሉ። ጥፋቱ የሕንጻው ብቻ አይደለም፤ ወጪው ከገቢው በልጦ ከርሟል። ዕዳው ግን ጉድጓዱን አሰፋው። ነጻ ትምህርቱን ለመመለስ ኮሌጁ እስካሁን እየታገለ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለጋሾች ለሕንጻ ብለው ከሰጡስ? ኮሌጁ ምን ያድርግ?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ለሕንጻ የተሰጠ ብር ለስኮላርሺፕ አይዞርም። ግን ለጋሹ ጋ ሄዶ የሚለምነው ኮሌጁ ነው። ምን ብሎ እንደሚለምን ራሱ ይመርጣል። ደግሞ ሕንጻው ከቆመ በኋላ መብራቱን፣ ጽዳቱን፣ ጥገናውን ማን ይችላል?

ጥያቄ፦ እና ግቢው ይፍረስ?

መልስ፦ የለም! ቤተ መጻሕፍት፣ ክሊኒክ፣ የምክር አገልግሎት፣ የማይፈስ ጣሪያ ቅንጦት አይደሉም። ከዚያ በላይ ያለው ግን ከድጋፍ በኋላ ይምጣ። አንዲት የኛው ልጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ 900 ዶላር ዕዳ ቀረባት። ምዝገባዋ ተዘጋ። በመስኮቴ ትይዩ አዲሱ ጂም እየተገነባ ነበር። መዶሻው እየጮኸ የማቋረጫ ፎርሟን ፈረመች። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ድጋፍ ሁሉ ድጋፍ አለመሆኑንም ልብ በሉ። ብዙ ኮሌጆች መክፈል ለሚችል ልጅ «ሜሪት» (የጥሩ ውጤት ሽልማት) ብለው ቅናሽ ይሰጣሉ። እሱ ደንበኛ መሳቢያ ነው። መቅደም ያለበት ካልተረዳ የሚያቋርጠው ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ ከኮሌጁ ለልጄ የመጣው ደብዳቤ 30 ሺህ ዶላር «ኤይድ» ይላል። ልፈርም?

መልስ፦ ቆይ፣ ወንድሜ። እስክሪብቶ ያዝና «ሎን» የሚሉትን መስመሮች ሰርዝ፤ እነሱ ዕዳ ናቸው። «ወርክ ስተዲ» የሚለውንም ለብቻ አውጣ፤ ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ነው። ግራንትና ስኮላርሺፕ የሚሉትን ብቻ ደምር፤ እነሱ የማይመለሱ ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ተማሪዎች የሚሰጠው ፔል ግራንት ከፍተኛው በ2024-25 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር። ድምሩን ከዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ቀንስ፤ ዶርምና ምግብ እንዳይረሳ። የቀረው ከአቅምህ በላይ ከሆነ ለቢሮው የይግባኝ ደብዳቤ ጻፍ። ሥራ ከለቀቅክ ወይም ገቢህ ከወረደ ማስረጃውን አያይዝ። ሲጨምሩ በዓይኔ አይቻለሁ።