የእናትሽን የቤት ስልክ ከመመለስሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። እናትሽ አዳማ ብቻቸውን ናቸው፤ ቤቱ ዋይፋይ ገብቶለታል፤ ወንድምሽ ራውተር ላይ የሚሰካ የኢንተርኔት ስልክ ከአሜሪካ ልላክ ብሏል። አንቺ ደግሞ «እሱ ከመጣ በ022 የሚጀምረውን የቤት ስልክ ለቴሌ ልመልሰው ወይ?» ትያለሽ። እኔም እዚያው አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ለምትኖረው እናቴ ይህንኑ አስቤ ነበር።

ዕቃው ጥሩ ነው፣ አልዋሽሽም። የእኔ ወንድም አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ይህንኑ ዕቃ ለእማዬ ልኮላታል። ቁጥሩ የአሜሪካ ስለሆነ እሱ ከጎረቤት እንደሚደውል ሰው ነው የሚደውለው፤ እማዬም «ኢሞ ክፈቺ፣ አረንጓዴውን ንኪ» ሳትባል ስልኳን አንስታ «አቤት» ትላለች። ስለ ፍጥነት አትጨነቂ። አንድ ጥሪ ለመላክም ለመቀበልም በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት ገደማ ቢያገኝ ይበቃዋል። የሚያስቸግረው መቆራረጡ ነው። የእህቴ ልጅ ቪዲዮ ማውረድ ሲጀምር እናትና ልጅ «ሃሎ? ሃሎ?» ሲባባሉ ያመሻሉ። ልጁን ተቆጥተን ነው የተገላገልነው።

ግን ለሜሪላንድ የቀረበ ቁጥር ለአዳማ ሩቅ ነው። የእድሩ ጸሐፊ፣ የማኅበር ጓደኞቿ፣ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ሳትቀር ወደዚያ ቁጥር ቢደውሉ የውጭ አገር ጥሪ ነው የሚቆጥርባቸው። እነሱ በቃላቸው የያዙት 022ን ነው። ደግሞ በዚያ ስልክ የእኛን 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) ወይም 991 (ፖሊስ) አታገኚም። የአሜሪካውን የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር 911 ብትደውዪ አምቡላንሱ የሚላከው አገልግሎቱ ሲገዛ ወደተመዘገበው አድራሻ ነው፤ በእኛ ሁኔታ አምቡላንሱ ሜሪላንድ፣ ከወንድሜ ቤት በር ላይ ይቆማል ማለት ነው። (ለጎረቤት በገንዘብ ማስደወልም እንዳይታሰብ፤ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 አለ።)

ዋናው ነገር ግን መብራት ነው። ከተማችን ዳር መብራት የሚያመነጩ የንፋስ ተርባይኖች ሲሽከረከሩ እያየን ሻማ የምንፈልግበት ማታ እንዳለ ታውቂዋለሽ። በመዳብ ሽቦ የገባ የቤት ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከቤትሽ ሶኬት ሳይሆን ከስልክ ጣቢያው ነው። 48 ቮልት ገደማ በዚያው ሽቦ ይመጣለታል፤ ጣቢያው ደግሞ ባትሪ አለው።

እኔ ይህን ሳላውቅ፣ እማዬ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከጓሮ እየሮጠች እንዳትወድቅ ብዬ ኮርድለስ (ገመድ አልባ የቤት ስልክ) ገዛሁላት። አሮጌውን ቀይ ስልክ ከነዳንቴሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። አንድ ማታ ንፋሱ በርትቶ መብራት ሄደ። ስኳሯ ወርዶ ላብ አጥምቋታል። ኮርድለሱን ብታነሳ ጭጭ፤ መቀመጫው በመብራት ነው የሚሠራው። ራውተሩ ጠፍቷል፣ ስለዚህ የአሜሪካውም የለም። ሞባይሏ ቻርጅ ጨርሷል። በጨለማ ግድግዳ እየዳበሰች ወጥታ ጎረቤት ጠራች፤ ስኳር በጥብጠው አጠጧት። እኔ አዲስ አበባ ተኝቼ ነበር፤ የሰማሁት ጠዋት ነው።

ቅዳሜ ሄጄ ቀዩን ስልክ መልሼ ሰካሁት። ቆጣሪውን አጥፍቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ያ የምናውቀው «ቱ...» የሚለው ድምፅ አለ። መስመሩ ያን ማታም ደህና ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን የእሁዱ ወሬ በአሜሪካው ነው፣ ሌላው ሁሉ በቀዩ።

ያንቺ ቤት ግን ሊለይ ይችላል። ዋይፋዩ በፋይበር የገባ ከሆነና የቤት ስልኩም ከፋይበሩ መቀበያ ጀርባ ከተሰካ፣ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። ፋይበር መስታወት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያመጣም። ያኔ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ያስፈልግሻል፤ ራውተሩ ለብቻው ከሆነ ለእሱም ለመቀበያውም፤ አንዱን ብቻ ማብራት ዋጋ የለውም።

እና ስትሄጂ ቆጣሪውን አጥፊና ስልኩን አንሺ። ድምፅ ካለው አትመልሺው። ከሌለው ገመዱን እየተከተልሽ ከየት እንደተሰካ እዪ። በቀጥታ ከግድግዳው ከሆነ ኮርድለስ ካለ ነቅለሽ ባለገመድ ስልክ ሰክተሽ ሞክሪ፤ ከፋይበሩ ከሆነ ዩፒኤሱን ግዢ። ስለ መመለሱ ከዚያ በኋላ እናወራለን።